ለመታጠቢያ ቤት፦ የግድግዳ ወረቀት ወይስ ቀለም?

በዋጋ ቀለም ይረክሳል። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ግን ወረቀቱም ብዙ ጥቅል አይፈጅም።

ሥራው፦ ቀለም ማንም ይቀባል። ወረቀት በቧንቧና በመስታወት ዙሪያ ሲቆረጥ ትዕግሥት ይፈታተናል። ከሽንት ቤት መቀመጫው ጀርባ እጅ ማስገባት ራሱ ጣጣ ነው!

እርጥበት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ተራ ወረቀት እንፋሎት ሲበዛበት መጋጠሚያው ይላቀቅና ጫፉ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። ከኋላው ሻጋታ ቢይዝ ቶሎ አያዩትም። ቪኒል (ፕላስቲክ) የተቀባው ወረቀት ይሻላል፤ በእርጥብ ጨርቅም ይወለወላል። ቀለም ላይ የወጣ ሻጋታ ግን ወዲያው ይታያል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይቀባል።

መስኮት የሌለው፣ በየቀኑ ሻወር የሚወሰድበት ክፍል ከሆነ ቀለም ይሁን። ሻወር ለሌለው የእንግዳ ሽንት ቤት ወይም ለጠባብ ኮሪደር ወረቀት እመርጣለሁ። ሳሎን ላይ የሚከብድ ትልልቅ አበባ ያለበት ወረቀት እዚያ ያምራል።