የጠገንኩት ፓወር ሰፕላይ ከ9 ወር በኋላ

የምገመግመው አዲስ ዕቃ አይደለም። 11 ዓመት ያገለገለ ቀጭን ዴስክቶፕ ውስጥ ያለ፣ አንዴ እምቢ ብሎ በእጄ የጠገንኩት ባለ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚስማማ ቮልት የሚያድለው ሳጥን ማለት ነው። ከተጠገነ 9 ወር ሆነው፤ አሁንም ይሠራል። ግን በአንድ ጊዜ አልዳነም። ጨረስኩ ብዬ ከተኩራራሁ ከ4 ወር በኋላ ብሎኑን እንደገና መፍታት ግድ ሆኖብኛል።

ሕመሙ ጠዋት ጠዋት ነበር የሚነሳበት። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል። ደግሜ ስጫን ያው ነው። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀጥ ለጥ ብሎ ይሠራል። ይኼ ሲሞቅ የሚሻለው ጠባዩ ብዙ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ያረጀ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ) ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን፣ ይጨምራል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። እኔ ግን ራሙን (የሜሞሪ ካርዱን) ነቅዬ ጠራረግኩ። የማዘርቦርዱን (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) ክብ ባትሪም ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚነካው እጁ የሚደርስበትን ነው።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ያለ ማዘርቦርድ የሚያስነሳውን የወረቀት ክሊፕ ዘዴ ሞከርኩ። ባለ 24 ፒኑን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ነቀልኩና አረንጓዴውን ገመድ ከአንዱ ጥቁር ጋር በክሊፗ አገናኘሁ። ፋኑ ዞረ። በቃ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሌላ ሌላውን ስነካካ ከረምኩ። ክሊፗ የምትነግራችሁ ዕቃው መነሳቱን ብቻ ነው። ሸክም ሲመጣበት ይችለዋል ወይ የሚለውን አትመልስም።

ነገሩ የገባኝ ኮምፒውተሩ እየሠራ በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ስለካው ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ሥራ ሳበዛበት 12 ቮልት መስጠት ያለበት ቢጫው ገመድ ወደ 11.2 ወረደ። የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ስለሆነ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። ቀዩ፣ ባለ 5 ቮልቱ፣ ደህና ነበር። ወይን ጠጁ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሁሌ 5 ቮልት የሚሰጠው ነው፤ እሱ 4.8 አለ። ዝቅተኛው ገደብ 4.75 ነውና ችላ ብዬ አለፍኩት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ስለ መክፈቱ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከሶኬት ስለተነቀለ ብቻ አደጋው ቀርቷል ማለት አይደለም። በመግቢያው በኩል ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኔ ነቅዬ አሳደርኩት፤ በማግስቱም የካፓሲተሩን እግሮች ለክቼ ባዶ መሆኑን ሳላረጋግጥ ምንም አልነካሁም። በኤሌክትሪክ ነገር እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሳጥኑን አትክፈቱት። ለወጉ ያህል የምለው አይደለም።

ውስጡ አቧራ ተጋግሮበታል። በውጤቱ በኩል፣ ማለትም ገመዶቹ ወደ ኮምፒውተሩ በሚወጡበት፣ ሁለት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል። ከአንደኛው ሥር ቡናማ ነገር አይቼ ፈሷል ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሙጫ ነው፤ ዕቃው እንዳይነቃነቅ ሲሠራ የሚያደርጉበት፣ ሲያረጅ የሚጠቁር።

ምትክ ስትፈልጉ ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ያለው ይሁን። ውፍረቱንም ለኩ። እኔ ይህን ረስቼ መጀመሪያ ያመጣሁት ቦታው ላይ አልገባ ብሎኛል። መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከመንቀሌ በፊት ፎቶ አነሳሁ። ከሁሉም ያደከመኝ ግን ራሱ መንቀሉ ነው። ሰፊው የመዳብ ንጣፍ ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ አሮጌው ሶልደር (እግሮቹን ከሰሌዳው ጋር የሚያጣብቀው ብረት) አልቀልጥ ይላል። መላው የሚያስቅ ነው፦ ሌላ ሶልደር ትጨምሩበታላችሁ። አዲሱ አሮጌውን ይዞት ይቀልጣል።

ያበጡትን ሁለቱን ብቻ ቀይሬ ዘጋሁት። ቢጫው ገመድ በሥራ ብዛት ውስጥም 11.9 ላይ ቆመ። ጠዋት ማብሪያውን አንዴ ስጫን ይነሳል። ለ4 ወር ያየኝን ሰው ሁሉ ስለ ካፓሲተር አሰለቸሁት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ።

ወይን ጠጁን ስለካው 4.5 ላይ ወርዷል። ጥፋተኛዋ እሱን የምታገለግል ትንሽ ካፓሲተር ነበረች። አናቷ ጠፍጣፋ፣ መልኳ ንጹሕ፣ ሙቀት ከሚያስወጣው ብረት ጥግ ተወሽቃ ስትጠበስ የኖረች። ሌላው አብዛኛው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ያርፋል፤ እሷ ግን ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ እረፍት የላትም። እኔ ደግሞ እብጠት ብቻ ፍለጋ ሄጄ ነበር። የ4.8ቱን ነገር ያኔ ብሰማው ኖሮ አንድ ቅዳሜ ይተርፈኝ ነበር። በዚያው ቀን እሷንም፣ በውጤቱ በኩል የቀሩትንም ሁሉ ቀየርኳቸው።

ከሁለተኛው ጥገና ወዲህ ባሉት 5 ወራት አንድም ጠዋት አላስቸገረኝም። ድንገት መጥፋት የለም፣ ራሱን ማስነሳት የለም። በጽሑፍና በፎቶ ሥራ ላይ ስውል ሳጥኑ ለብ ይላል እንጂ አይግልም። የማልወድለትም አለ። ትልቁን ካፓሲተር አልነካሁትም፤ እሱ እንደ ኮምፒውተሩ 11 ዓመቱ ነው። በዚህ ምክንያት ማታ ከሶኬት እነቅለዋለሁ። ጉልበት የሚጠይቅ ግራፊክስ ካርድም ከዚህ ዕቃ ጋር አላስብም።

መደበኛ ኬዝ ቢኖረኝ ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ አልደክምም፤ አዲስ ገጥሜ እገላገል ነበር። የእኔ ኬዝ ቀጭን ስለሆነ የተለመደው የኤቲኤክስ (መደበኛ መጠን ያለው) ፓወር ሰፕላይ አይገባበትም፤ ልክ የሚሆነው እንደ ልብ አይገኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ጥገናው ያዋጣል። ሰሌዳው ከተቃጠለ ወይም ፊውዙ ከተበጠሰ ግን ተዉት። ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይሄድም፤ ከኋላው ሾርት የሆነ (ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን ያለ ገደብ የሚያሳልፍ) ትራንዚስተር አለ፤ አዲሱንም ፊውዝ ያንኑ ደቂቃ ይበጥሰዋል።

በኬዙ ክዳን የውስጥ ገጽ ላይ ወረቀት ለጥፌ በየወሩ የለካሁትን እጽፋለሁ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ቢጫ 11.98፣ ቀይ 5.03፣ ወይን ጠጅ 5.01። ከጎኑ በእርሳስ «ፋኑ ይንጫረራል» ብዬ ጽፌያለሁ። 80 ሚሊሜትር ነው፤ ምትኩን አዝዣለሁ።