«ከአንድ ከረጢት 40 ኪሎ ድንች» የሚሉትን ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞር አንድ ሽያጭ አለ፤ «ሙሉ የድንች ፓኬጅ» ይሉታል። ውስጡ መስኮት ያላቸው ከረጢቶች፣ «ልዩ አፈር»፣ ዘር ድንችና አንድ ጠርሙስ «ኮረት አብዢ» ፈሳሽ አለበት፤ ኮረት የሚሉት አፈር ውስጥ የሚያድገውን ድንቹን ራሱን ነው። የሚገባላችሁ ቃል ከአንድ ከረጢት 40 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል የሚልም አለ። ገንዘቡ ቀድሞ በቴሌብር ይላካል፣ ዕቃው በሞተር ይመጣል። እባካችሁ አትክፈሉ። ድንች በከረጢት ማብቀል እውነተኛ ነገር ነው፣ ግቢ ለሌለው ቤተሰብም ይጠቅማል። ውሸቱ ያለው ኪሎው ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በማሳ ላይ ድንች የሚተከለው በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ሄክታር 44 ሺህ ገደማ ተክል ይይዛል። በሄክታር 400 ኩንታል ያገኘ ገበሬ እኛ አገር በጣም ጎበዝ ነው፤ ያ ምርት ለእያንዳንዱ ተክል ሲካፈል ግን 900 ግራም ብቻ ይደርሰዋል። አንድ መካከለኛ ከረጢት 3 ተክል ይችላል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ኪሎ ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል፤ 4 ኪሎ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። 40 ኪሎ ለማግኘት በዚያው ከረጢት ውስጥ ከ40 በላይ ተክል መቆም ነበረበት። ደግሞ 40 ኪሎ ድንች ያለ አፈር እንኳ ሲከመር 60 ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። የሚሸጡላችሁ ከረጢት ስንት ሊትር እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ነው። ከረጢቱ የማይችለውን ድንች ነው ቃል የሚገቡላችሁ።

ሻጮቹ ለዚህ መልስ አላቸው፦ «ከረጢቱን ከፍ እያደረጋችሁ አፈር ስትጨምሩ ድንቹ በየደረጃው እንደ ፎቅ ይይዛል»። አይይዝም። ኮረት የሚቋጠረው ከዘሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የግንዱ ክፍል ነው፤ ከዚያ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወደ ጎን ይወጣና ጫፉ ያብጣል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ይህን የሚያደርጉት ከበቀሉ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ ጊዜ ነው። በኋላ የሚጨመር አፈር አዲስ ኮረት አያመጣም። አፈር ማስታቀፍ፣ ማለትም በግንዱ ዙሪያ አፈር መከመር፣ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ድንቹን ከብርሃን ይጋርደዋል፣ ካልተጋረደ አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፣ ለጤናም አይሆንም። ምርቱን የሚወስነው ቅጠሉ የሚያገኘው ፀሐይ ነው። ከረጢቱ አንድ ሜትር ቢረዝም የቅጠሉ ስፋት ያው ነው።

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። አሁን ከአፈር የወጣ ድንች እኩል አይሆንም፤ የእንቁላል ያህሉም የለውዝ ያህሉም አብሮ ይወጣል። አይኑ ውስጥ አፈር ተጣብቆበታል፣ ከአንዳንዱ ጫፍ ክሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ግን የታጠበ፣ ተመርጦ አንድ ልክ የሆነ ነው፤ ከላዩ ያለው ተክል ደግሞ ገና አበባ ላይ ነው። አበባ ላይ ያለ ተክል ሥር ቡጢ የሚያህል ድንች ሞልቶ አይገኝም። ከገበያ ተገዝቶ የገባ ድንች ነው።

አሁን ወደ ፓኬጁ ውስጥ እንግባ። ከረጢቱ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ወይም ዱቄት ከነበረበት ጆንያ የተሻለ ሥራ አይሠራም፤ እንዲያውም መስኮቱ አፈር ያፈሳል፣ ብርሃንም ያስገባል። ልዩ አፈር የሚሉት ብዙ ጊዜ ሰጋቱራ የበዛበት፣ ያልተብላላ ነገር ነው። ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጂኑን ለራሱ ስለሚሻማ ተክሉ በወሩ ቢጫ ይሆናል። ለመፈተሽ አንድ እፍኝ አርጥባችሁ በፌስታል አስራችሁ 3 ቀን አቆዩት፤ ስትከፍቱት አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ካለው አልበሰለም፣ የዝናብ አፈር ከሸተተ ደህና ነው። ፈሳሹ ጠርሙስ ላይ የይዘት ዝርዝርና አምራች ካልተጻፈ ምንም ይሁን ምን የምትበሉት ነገር ላይ አታፍስሱት።

ትልቁ ጉዳት ግን ዘሩ ላይ ነው፤ የከረጢቱ ኪሳራ አንድ ጊዜ ነው፣ የዘሩ ግን ግቢያችሁ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ዘር ድንች የእንቁላል ያህል ነው፣ ከ35 እስከ 55 ሚሊ ሜትር። ጉንቁሉ አጭርና ወፍራም፣ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መሆን አለበት። ነጭና ረጅም ጉንቁል ጨለማ ውስጥ የቆየ ነው፤ በሞተር ሲመጣ ይሰበራል። ጭራሽ ያልጎነቆለ ደግሞ ትኩስ የተነቀለ ሊሆን ይችላል፤ ድንች ከተነቀለ በኋላ 2 እና 3 ወር ይተኛል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ከተከታችሁት ሳይነቃ ይበሰብሳል። ዝርያውን በስሙ ጠይቁ። በለጠ፣ ጉደኔ፣ ጃለኔ ከሆለታ ምርምር ማዕከል ወጥተው ገበሬው የሚያውቃቸው ናቸው። «የውጭ ዘር ነው» ብሎ ስም የማይሰጥ ሻጭ የሾላ ወይም የአትክልት ተራ ድንች እየሸጠላችሁ እንደሆነ ቁጠሩት።

ከዚያ አንዷን ድንች በቢላ ሁለት ቦታ ቁረጡና ጫን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከልጡ ትንሽ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ከታየና ከቀለበቱ ነጭ ዝልግልግ ጠብ ካለ አጠውልግ የሚሉት የባክቴሪያ በሽታ ነው። ይህ በሽታ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ይጨርሳል። ያን ዘር አትትከሉ፣ ኮምፖስት ውስጥም አትጣሉ። ቢላውን በበረኪና እጠቡ።

ዋጋውን ለመመዘን ቀላል መንገድ አለ። የፓኬጁን ዋጋ ሰፈራችሁ ባለው የአንድ ኪሎ ድንች ዋጋ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ገንዘባችሁን ለመመለስ ማምረት ያለባችሁ ኪሎ ነው። ያን በከረጢቶቹ ቁጥር ስታካፍሉት ከ3 ኪሎ ከበለጠ በመጀመሪያው ዙር ከስራችኋል። «ምርቱን መልሰን እንገዛችኋለን» የሚለውን ያለ ጽሑፍ ውልና ያለ ማኅተም አትቁጠሩት። ባለ 20 ከረጢቱን ፓኬጅ የሚያስቡ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደግሞ ክብደቱንም ያስቡ፤ 40 ሊትር እርጥብ አፈር 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 20 ከረጢት አንድ ቶን ነው። ይህ ለበረንዳ አይሆንም።

በራሳችሁ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ የ50 ኪሎ ጆንያ አጥባችሁ ታችና ጎኑን በእርሳስ ውፍረት ወደ 10 ቦታ ብሱት፣ አፉን ወደ ውጭ ጠቅልሉ። 2 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ የተብላላ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። አፈራችሁ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ከሆነ አሸዋውንና ኮምፖስቱን ጨምሩ፣ አለበለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያፍናል። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች ከነበረበት መሬት አፈር አትውሰዱ። 15 ሳንቲ ሜትር ሙሉና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አቀላቅሉበት፣ ዘሩን የሚነካ ላዩን ግን ያለ ማዳበሪያ አፈር ሸፍኑት። 3 ዘር ጉንቁሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አራርቁ፣ 10 ሳንቲ ሜትር አልብሱ። ተክሉ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን እየተዋችሁ አፈር አስታቅፉ፤ ጠቅላላው 40 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ይበቃል። ዩሪያ በበቀለ በ3ኛው ሳምንት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ሌላ አንድ፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ዩሪያ የበዛበት ድንች ቅጠሉ ያምራል፣ ሥሩ ባዶ ነው።

ውኃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጣታችሁን 5 ሳንቲ ሜትር አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ቅጠሉ ከሞላ በኋላ በበጋ በየ2 ቀኑ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይፈልጋል። ሳምንት ተረስቶ በአንድ ቀን የተጥለቀለቀ ድንች ይሰነጠቃል፣ ጉብታ ያበቅላል። ከረጢቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚግል ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ አፈሩ ከጋለ ኮረት አይቋጠርም። ከስር ጣውላ ወይም ሁለት ብሎኬት ጣል አድርጉ።

ለአዲስ አበባ የሚሻለው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ተክሎ ከግንቦት እስከ ሰኔ መንቀል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋን ዳር ዳር ውርጭ ይመታዋል። በሰኔ የተተከለ ደግሞ ምች የሚሉት የቅጠል በሽታ ያገኘዋል፤ ቅጠሉ እሳት የነካው ይመስል በሳምንት ይጠቁራል። በ100 እና በ120 ቀን መካከል ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውኃ አቁሙ፣ ግንዱን ከአፈር ላይ ቁረጡ፣ ልጡ እንዲጠነክር ሌላ 10 ቀን ጠብቁና ከረጢቱን ገልብጡ።

ፓኬጁን ቀድማችሁ የገዛችሁ፦ ሳትተክሉ ዘሩን ከላይ እንዳልነው ቆርጣችሁ ፈትሹ፣ ፎቶ አንሱ። «40 ኪሎ» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጉ፣ የቴሌብሩን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አቤቱታውን ለክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገቡ። ምርቱ እስኪደርስ 4 ወር አትጠብቁ፤ እስከዚያ ቻናሉ ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል።