ድንጋይና ሳንድዊች ፓኔል በአንድ ቤት፦ ጎንደር ላይ ሠርተን የኖርንበት

አዘዞ አካባቢ የሠራነው ቤት የታችኛው ወለል በጥቁር ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ ከሶሌታው በላይ ያለው ወለልና ጣሪያው ግን በብረት ቋሚዎች ላይ በታሰረ ሳንድዊች ፓኔል የተሸፈነ ነው። ሥራውን ለተቋራጭ ሳልሰጥ ግንበኛውን፣ አናጺውንና በያጁን ራሴ ቀጥሬ፣ ቁሳቁሱንም ራሴ መርጬ ነው ያሠራሁት። ክረምቱንም በጋውንም ስለኖርንበት፣ በዚህ መንገድ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው የምለውን አስቀድሜ ልናገር፦ ፓኔሉ ዋጋውን የሚያወጣ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሆኖም ዋናው ጥንቃቄ መዋል ያለበት ፓኔሉና ግንቡ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

የገዛነው ፓኔል ቀለም በተቀቡ ሁለት የጋልቫናይዝድ ላሜራዎች መካከል 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም የያዘ ነው። አንድ ካሬ ሜትሩ ከ12 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ሁለት ፊቱ የተለሰነ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ ግን በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። መሬታችን በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ በመሆኑ የላይኛውን ወለል ማቅለል ለመሠረቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። በካሬ ሜትር ብቻ ሲሰላ ፓኔሉ ከብሎኬት ይወደዳል፤ የልስኑ፣ የቀለሙና የግንበኛው ቀን ሲደመር ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ስለ ሙቀቱ ብዙ ሰው የሚያስበው ወፍራም ድንጋይ ከሁሉም ይበልጣል ብሎ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ግን በእኛ ፓኔል በኩል ከሚያልፈው ሙቀት ከአምስት እጥፍ በላይ ያሳልፋል። የድንጋዩ ጥቅም ሌላ ነው፤ የቀኑን ሙቀት በውስጡ ይዞ ሌሊት ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር በበጋ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ይህ መዘግየት ለመኖሪያ ቤት የሚጠቅም ጠባይ ነው። ላይኛው ክፍል በአንጻሩ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ከገባች ቶሎ ይሞቃል፣ መስኮቱ ክፍት ከዋለም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ብሎኬትም እንደ ድንጋዩ ሙቀት ስለሚይዝ፣ የላይኛውን ወለል የውስጥ መለያያ ግድግዳ በብሎኬት ማሠራታችን በጣም ጠቅሞናል፤ በምዕራብ በኩል ሰፊ መስኮት እንዳይደረግም አጥብቄ እመክራለሁ።

አሁን ወደ መገናኛው ልግባ። ግንበኛ የሁለትና የሦስት ሴንቲ ሜትር መዛነፍ በልስን ይሸፍናል፤ ከፋብሪካ ቀጥ ብሎ የወጣ ፓኔል ግን ይህን አይቀበልም። ግንቡን ከላይ የሚያስረው ቢም አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፎርሙ (አርማታው የሚፈስበት ሳጥን) በውሃ ልክ ደጋግሞ መለካት አለበት፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከቀረ ፓኔሉ በሚቀመጥበት የላሜራ ቦይ ሥር ክፍተት ይፈጠርና ውሃና ንፋስ በዚያ ይገባል። የፓኔሉ የውጭ ፊት ከቢሙ ፊት ጥቂት ወጣ ማለት አለበት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ግን የቢሙ ጠርዝ ውሃ የሚያቁር መደርደሪያ ይሆናል። ከሥሩም ወደ ውጭ የታጠፈ ማንጠባጠቢያ ላሜራ ያስፈልጋል። ፓኔሉ የሐምሌን ዶፍ የቻለልን በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍተቱን በሲሚንቶ ድፈነው የሚል ባለሙያ አይጠፋም፤ እሺ አትበሉት። ስድስት ሜትር የሚረዝም የብረት ላሜራ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ልስኑ ይህን መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ የላሜራውን ዚንክ ይበላል። የሚለጠጥ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ፣ ከሥሩም ሬንጅ የተቀባ ምንጣፍ ትክክለኛው መፍትሔ ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሽ ሲሊኮን ጋልቫናይዝዱን ስለሚያዝግ አይሆንም። የፋሲል ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ መሆናቸውን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገላቸው ጥገናም ተስማሚ እንዳልነበረ ለሚያውቅ የከተማችን ሰው፣ ግትር ነገርን ከሌላ ጠባይ ጋር ማጣበቅ የሚያስከትለው ጉዳት አዲስ አይሆንም። ፓኔሉን በፍሌክስ (በሚሽከረከር የብረት መቁረጫ ዲስክ) መቁረጥም ሌላው ጥፋት ነው፤ የእሳት ፍንጣሪው ቀለሙን አቃጥሎ ጠርዙን ያዝጋል፤ የላሜራ መቀስ ወይም ባለ ጥርስ ማሽን ይሻላል።

እሳትን በተመለከተ ምንም መደራደር አይገባም። ነጭ ፎም በ100 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ከተቀጣጠለም ጭሱ ጥቁርና አደገኛ ነው። ስለዚህ ማዕድ ቤቱና የእንጀራ ምጣዱ በድንጋዩ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የጭስ ማውጫውም በፓኔል ውስጥ አያልፍም። ማለፍ የግድ ከሆነበት ሰው፣ በዙሪያው በፎም ፋንታ እሳት የማይዘው የድንጋይ ሱፍ የያዘ ፓኔል ማስገባት ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ሽቦም በቱቦ ውስጥ እንጂ ፎሙን ነክቶ መሄድ የለበትም፤ የሽቦው ፕላስቲክ ከፎሙ ጋር ሲነካካ እየደረቀ ይሰባበራል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ከሰል ነው። ፓኔል ክፍል እንደ ቆርቆሮ ቤት በየስንጥቁ አይተነፍስም፤ በተዘጋ ክፍል ቡና ለማፍላት ከሰል ማንደድ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እኛ ቡናችንን ታች በረንዳ ላይ እናፈላለን፤ ላይም የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ አስቀርተናል።

የዝናቡ ድምፅ ከቆርቆሮ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ልጆች ተኝተው ያድራሉ። ከባድ መደርደሪያ ግን በፓኔሉ ላይ አይሰቀልም፤ ከብረት ቋሚው ጋር መታሰር አለበት። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን አስቦ፣ መከላከያ ፕላስቲኩ እንዳይነሳና ጠርዞቹ እንዳይጨፈለቁ በውሉ ላይ ያስጽፍ። ጠርዙ የተጎዳ ፓኔል ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ መኪናው ደጃፍ ላይ እንደቆመ እያንዳንዱን አይቶ መረከብ ያስፈልጋል። ከመኖር በኋላ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የጣሪያውን ብሎኖች የጎማ ዋሸርና የመገናኛውን ማሸጊያ ማየት፣ የደረቀውን መቀየር፣ አሸንዳውን መጥረግ።