ሾተል ወይስ ባለጽሑፍ ጎራዴ?

ሱሉልታ፣ አጎቴ ቤት ነኝ። ሁለት የአያት መሣሪያዎች አጎዛ ላይ ተጋድመዋል። «የትኛው ይበልጣል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጎራዴውን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ሳደርገው ዘውድ የደፋ አንበሳና «ሞዓ አንበሳ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የአገራችን ቀጥቃጭ የሠራው ይመስለዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን እንዲህ ያለው ስለት ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ ዞሊንገን ይመጣ ነበር፤ ስለዚህ እጀታው ሥር የፋብሪካ ምልክት መፈለግ ነው። ጽሑፉ ጥርት ካለ ዋጋው ያድጋል። በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ከጠፋ ግን አይመለስም፤ እንዲህ የተበላሸ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ የተገደበ ነው።

ሾተሉ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በሁለቱም ጎን የተሳለ ነው። ጽሑፍ ስለሌለው ዕድሜውን መለየት ይከብዳል፤ የመዶሻው ምት ግን በጣት ይዳሰሳል።

ገዢ ወደ ጎራዴው ያደላል። እኔ ሾተሉን እመርጣለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኛ እጅ ሥራ ነው።

«ጋሼ፣ ዘይት ብቻ ይቀቧቸው» አልኳቸው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መከልከሉንም ነገርኳቸው።