ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ለጠየቁኝ ነርስ

ስማቸውን እንድጽፍ ፈቃድ ጠይቄያቸው ነበር። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ ስሜን ተዪው» አሉኝ። ስለዚህ ሲስተር እያልኩ ልቀጥል። በእጃቸው ያለፉ ሴቶች ማንን እንደማመሰግን አይጠፋቸውም።

በ29 ዓመቴ ግራ ጡቴ ላይ እብጠት ዳሰስኩ። መጀመሪያ ያየኝ ባለሙያ «ገና ልጅ ነሽ፤ በዚህ ዕድሜ ካንሰር የለም» ብሎ ሸኘኝ። በወጣት ሴቶች ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አለመሆኑ እውነት ነው። ቅር ያሰኘኝ ሳይመረምር መገመቱ ነው። አራት ወር ጠበቅሁ፤ እብጠቱ ግን አልጠበቀኝም። በኋላ በአልትራሳውንድ ታይቶ፣ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ።

ውጤቱን የነገሩኝ ሐኪም ደግ ሰው ናቸው፤ ብዙ አስረዱኝ። እኔ ግን «ካንሰር» ከሚለው ቃል በኋላ የሰማሁት የለም። ሲስተር ይህን ያወቁት ከፊቴ ይመስለኛል። ወደ ሌላ ክፍል ወስደው አስቀመጡኝና አንድ ደብተር አወጡ። «አይዞሽ» አላሉኝም። የካንሰሩን ዓይነት ጻፉልኝ፤ ኢስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ መሆኑን፣ ይህም ለሕክምናው ምን ትርጉም እንዳለው በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ። ከዚያ ቀና ብለው «ወደፊት መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

ተናደድኩ። እኔ መሞቴን እያሰብኩ እሳቸው መውለድ ያነሱብኛል! ቁጣዬ እስኪበርድ ዝም ብለው ጠበቁኝ። የኬሞቴራፒ መድኃኒት እንቁላል የሚያመነጨውን አካል ሊጎዳ እንደሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት ግን እንቁላል አውጥቶ ማቀዝቀዝ እንደሚቻል፣ ይህም ሁለት ሳምንት ያህል እንደሚወስድ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ከጀመርሽ በኋላ ብትጠይቂኝ ምን እመልስልሻለሁ?» አሉ። ሐኪሜን ያነጋገሩትም፣ ቀጠሮውን ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። ያ ዕድል ለሁሉም ሴት እንደማይገኝ፣ ውድም እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ እንደምወልድም እርግጠኛ አይደለሁም። ቢሆንም ውሳኔው ሳላውቀው ከእጄ አልወጣም።

ቀዶ ሕክምናው አለፈ፤ ኬሞው መጣ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀይ ነው። «ሽንትሽ ይቀላል፤ ደም መስሎሽ እንዳትደነግጪ» ብለው አስቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ ያን ዕለት በድንጋጤ አልቄ ነበር። ፀጉሬ በሁለትና በሦስት ሳምንት መካከል እንደሚረግፍ ነገሩኝ፤ በ17ኛው ቀን ትራሴ ላይ አገኘሁት። ከሁሉም በላይ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ ስለ ትኩሳት ነው፦ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት። አንድ ሌሊት ቴርሞሜትሩ 38.4 አሳየኝ። እስኪነጋ ልተኛ ብዬ ጋደም አልኩ፤ የሲስተር ቁጣ ትዝ ሲለኝ ተነሣሁ። ነጭ የደም ሴሎቼ በጣም ወርደው ኖሮ በቀጥታ አስተኙኝ። አዎ፣ ሲስተር ይቆጣሉ። ቀጠሮ ያሳለፈማ ወዮለት።

ይህ ምርመራ አሁን ለደረሰሽ እህቴ ጥቆማዬ ይህ ነው፤ በምትታከሚበት ቦታ የካንሰር ሕሙማንን የምትከታተል ነርስ ካለች ከመጀመሪያው ቀን ፈልጊያት። ስለ መውለድ ማንም ካልጠየቀሽ አንቺ ቀድመሽ አንሺ። በወጣትነት ለተያዘች ሴት ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉትን ጂኖች መመርመር እንደሚመከርም አስታውሺ፤ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው የጂኖቹ ለውጥ በዘር ስለሚተላለፍ ጉዳዩ እህቶችሽንም ይመለከታል። እኔ ይህን ሁሉ ያገኘሁት ከዚያ ደብተር ነው።

ደብተሩ አሁን ሞልቷል። ባለፈው ቀጠሮዬ አዲስ ይዤ ሄድኩ። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ታሞክሲፈን፣ በየቀኑ» ብለው ጻፉ፤ ኢስትሮጅን ካንሰሩን እንዳያሳድግ የሚከለክል መድኃኒት ነው። ከሥሩ ደግሞ «ይህን እየወሰድሽ እንዳታረግዢ» ብለው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ቀና ብለው አዩኝና ሁለታችንም ሳቅን።