ኢ85 በእርግጥ ይረክሳል? የሚኒሶታ ማደያዎች ቢጫ እጀታ ሲመዘን

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ነዳጅ ማደያ ገብቶ የዋጋ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ያየ አሽከርካሪ፣ ከመደበኛው ቤንዚን በታች የተጻፈ ኢ85 የሚባል ሌላ ዋጋ ማየቱ የተለመደ ነው፤ ይህ በቢጫው እጀታ የሚቀዳ፣ ኢታኖል (ከበቆሎ የሚወጣ አልኮል) የበዛበት የቤንዚን ቅልቅል ነው። ታክሲ፣ ኡበር ወይም የኤርፖርት ቫን ለሚነዳ ሰው በጋሎን ሃምሳና ስልሳ ሳንቲም ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሰሌዳው የሚሸጠው በጋሎን ነው፤ መኪናው የሚሄደው ደግሞ ጋሎኑ ውስጥ ባለው ጉልበት። በኢ85 ላይ ያለው ክርክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስሙ 85 ይበል እንጂ ቱቦው ውስጥ ያለው ኢታኖል ሁልጊዜ 85 በመቶ አይደለም። የአሜሪካ መለኪያ ከ51 እስከ 83 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል፤ በሙቀቱ ወራት ከፍ፣ በብርዱ ወራት ዝቅ ይላል። ቀሪው ቤንዚን ነው። መደበኛ የሚባለውም ቢሆን ንጹሕ ቤንዚን አይደለም፤ ሚኒሶታ ከ1997 ጀምሮ በመላው ግዛቷ 10 በመቶ ኢታኖል እንዲቀላቀል ስላዘዘች ሁሉም ሰው ሳያውቀው ኢ10 ሲነዳ ኖሯል። ስለዚህ ማወዳደር ያለብን ኢ85ን ከኢ10 ጋር ነው።

ኢታኖል በጋሎን የሚይዘው ጉልበት ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ስሌቱ ከዚያ በኋላ ከባድ አይደለም። ቅልቅሉ 83 በመቶ ኢታኖል ከሆነ የኢ10ን ዋጋ በ0.75 አባዙት፤ 70 በመቶ ከሆነ በ0.79፤ የብርዱ ወራት 51 በመቶ ከሆነ በ0.86። የኢ85 ዋጋ ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ ያተርፋል፣ በላይ ከሆነ ያከስራል።

በቁጥር እንየው። በኢ10 በጋሎን 20 ማይል የሚሄድ ቫን አለ እንበል፤ ኢ10 በ3.20 ዶላር ይሸጣል። 100 ማይል ለመሄድ 5 ጋሎን፣ ማለትም 16 ዶላር ይፈጃል። በሙቀቱ ወራት ኢ85 ሲሞላ በጋሎን 15 ማይል ስለሚሄድ ለዚያው 100 ማይል 6.67 ጋሎን ይጠጣል። ኢ85 በ2.60 ቢሸጥ ወጪው 17.33 ዶላር ነው። በጋሎን ስልሳ ሳንቲም ረክሶ በ100 ማይል 1.33 ዶላር አስወደደ! በ2.30 ቢሸጥ ደግሞ 15.33 ይሆናል፤ በወር 3,000 ማይል ለሚነዳ ሰው 20 ዶላር ይተርፋል። 20 ጋሎን የሚይዝ ሰልባቲዮ አንዴ ተሞልቶ 400 ማይል ይሄድ የነበረው 300 ላይ ያልቃል፤ ማደያ የምትቆሙበት ጊዜም በዚያው ልክ ይበዛል። ጊዜያችሁን ዋጋ ከሰጣችሁት ያ 20 ዶላር በፍጥነት ይቀልጣል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላሉ ወገኖች ደግሞ ኢ85 የሚሸጥ ማደያ ፍለጋ የሚነዳው ማይል ራሱ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ የዚህ ነዳጅ አገሩ በቆሎ የሚበቅልበት መሀል አሜሪካ ነው።

የእጃችሁን ቅልቅል ትክክለኛ መጠን ለማወቅ ማደያውን መጠየቅ ብዙም አያዋጣም፤ ብርቱካንማው ልጣፍ በአብዛኛው «ከ51 እስከ 83 በመቶ» ብሎ ያልፋል። 100 ሚሊ ሊትር የሚለካ ቀጭን የብርጭቆ መስፈሪያ ግን መልሱን ይሰጣል። ውኃ እስከ 50 ሙሉ፣ በላዩ ነዳጁን እስከ 100 ጨምሩ፣ ክደኑና ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፤ መሐል ላይ ክዳኑን እየከፈታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። ኢታኖል ቤንዚኑን ትቶ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ሲረጋ የታችኛው ፈሳሽ 85 መስመር ላይ ቢደርስ በ35 ጨምሯል ማለት ነው፤ በሁለት ሲባዛ 70 በመቶ ገደማ። ውኃው ላይ አንድ ጠብታ የምግብ ቀለም ብታደርጉ መስመሩ ጎልቶ ይታያል። ይህ ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ የሚሠራ ነገር ነው። የፕላስቲክ ብርጭቆ አትጠቀሙ፣ ነዳጁ ሊያሟሟው ይችላል።

አሁን ወደ መኪናው። ኢ85 የሚሞላው ፍሌክስ ፉኤል (ቤንዚኑንም ኢ85ንም የሚችል) ተብሎ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ብቻ ነው። ምልክቶቹ ቢጫ የነዳጅ ክዳን ወይም በመሙያው አፍ ዙሪያ ያለ ቢጫ ቀለበት፣ ኋላ ላይ የተለጠፈ የፍሌክስ ፉኤል ጽሑፍ፣ የመሙያው በር ውስጥ ያለ ማስታወሻ ናቸው። ክዳን በሌላ ሊቀየር ስለሚችል በመጨረሻ የሚታመነው የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ ስምንተኛው ምልክት የሞተሩን ዓይነት ይነግራል። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ አንዱ ፍሌክስ፣ ሌላው ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ዶጅ ግራንድ ካራቫን ባለ 3.6፣ ሼቭሮሌት ኢምፓላና ታሆ፣ ፎርድ ኤፍ 150 ውስጥ ብዙ ፍሌክሶች አሉ። የእኛ ሰው የሚወዳቸው ካምሪና ፕሪየስ ግን አሜሪካ ውስጥ ፍሌክስ ሆነው አልተሸጡም። (ብራዚል ውስጥ ቶዮታ በ2019 ሃይብሪድም ፍሌክስም የሆነ ኮሮላ አውጥቷል፤ እዚህ የምትነዱት ኮሮላ ግን ያ አይደለም።)

ፍሌክሱ ከሌላው መኪና በምን ይለያል? ከነዚያ ምልክቶች በቀር በመልክ በምንም። ልዩነቱ ነዳጅ የሚነካቸው ጎማዎችና ጓርኒሲዮኖች ኢታኖልን የሚችሉ መሆናቸው፣ ኢንጀክተሩና ፖምፓው ሰፋ ብለው መሠራታቸውና ኮምፒውተሩ ቅልቅሉን እያነበበ መጠኑን መቀየር መቻሉ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ንጹሕ ኢታኖል 9 ብቻ። ስለዚህ ለዚያው አየር ብዙ ተጨማሪ ነዳጅ መርጨት ግድ ነው።

ቅልቅሉ የሚነበብበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ይህን ካለመለየት ነው። አንዳንዱ መኪና ነዳጅ ቱቦው ላይ የተገጠመ ሴንሰር አለው። ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) በሚጠቀምበት ዓይነት ምልክቱ ከ50 እስከ 150 ኸርዝ ነው፤ 50 ሲሆን ኢታኖል የለም፣ 150 ሲሆን ንጹሕ ኢታኖል ነው፣ ኢ10 ላይ 60 አካባቢ መነበብ አለበት። ሌላው መኪና ግን ሴንሰሩ የለውም፤ ነዳጅ መሞላቱን ከጌጁ ያውቅና የጭሱን ኦክሲጅን ሴንሰር እያየ ቅልቅሉን ይገምታል። በዚህኛው ላይ ኦክሲጅን ሴንሰሩ ከደከመ ወይም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ኮምፒውተሩ በስሕተት ኢታኖል የበዛ ይመስለዋል። ሰልባቲዮው ውስጥ ኢ10 ብቻ እያለ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር 70 ወይም 80 በመቶ ያሳያል፤ መኪናው ነዳጅ እየበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት አልነሣ ይላል። ኢንጀክተር ከማስቀየራችሁ በፊት መካኒኩ የኢታኖሉን መቶኛ ስካነር ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ከእውነቱ የራቀ ከሆነ መጀመሪያ ምክንያቱ ይጠገናል፣ ከዚያ የተማረው ቁጥር በስካነር እንደገና ይጀመራል። ስካነሩ ከሚያወጣቸው የስሕተት ኮዶች ፒ0171 እና ፒ0174 ነዳጅ ማነሱን ይናገራሉ፤ ፒ0178 እና ፒ0179 ደግሞ ራሱን ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን ነው የሚጠቁሙት።

ለዚህም ነው አሞላሉ ወግ ያለው። ከቤንዚን ወደ ኢ85 ወይም ከኢ85 ወደ ቤንዚን ስትዞሩ ከ3 ጋሎን በታች አትሙሉ፤ ሲሞላ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሞልታችሁ እንደወጣችሁ ሳታቆሙ ቢያንስ 7 ማይል ንዱ። ሞልቶ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቤት ያቆመው ሰው ነው ጠዋት መኪናው ያስቸገረው፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ነዳጅ ሳይማር ነው ያደረው። በአሮጌ ቫን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞሉ ደግሞ ኢታኖል አሟሚ መሆኑን አትርሱ፤ ሰልባቲዮው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ያነሣና ፊልትሮ ላይ ይከምረዋል። አገር ቤት ያሉ መካኒኮች ይህን ጠባይ ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን መቀዳት ጀምሮ ነበር፣ ኢታኖሉም ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የሚመጣ። የሞተር ዘይቱንም የመመሪያ መጽሐፉ ለኢ85 ባዘዘው ጊዜ ቀይሩ፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ያልተቃጠለ ነዳጅና ውኃ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሚኒሶታ ሲባል ብርዱን መዝለል አይቻልም። ኢታኖል በብርድ እንደ ቤንዚን አይተንም፤ ያልተነነ ነዳጅ ደግሞ አይቀጣጠልም። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ባትሪው ይደክማል። ብራዚሎች እ.ኤ.አ. በ2003 በፎልክስዋገን ጎል ፍሌክስን ሲጀምሩ ኮፈኑ ሥር ቤንዚን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ያስቀመጡት ለዚሁ ነው፤ እነሱ ግን እዚህ ያለውን ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አያውቁትም። የብርዱ ወራት ቅልቅል ቤንዚን የሚበዛበት ለዚህ ነው። ትንበያው ክፉ ብርድ ሲናገር አንድ ቀን ቀድሞ ግማሹን በኢ10 መሙላት ከማንኛውም በጠርሙስ ከሚሸጥ መድኃኒት ይሻላል። ለወራት ቆሞ የሚከርም መኪና ውስጥም ኢ85 አትተዉ።

ጥሩ ጎኑ የቱ ነው? ጉልበቱ። ኢ85 ሳይንኳኳ የመቃጠል አቅሙ ከውዱ ፕሪሚየም ይበልጣል፣ ሲተንም ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ከባድ ጭነት በሙቀት የሚጎትት ፒክአፕ ልዩነቱን ሊያሳይ ይችላል። ተራ ቫን ነጂ ግን ከእግሩ በታች ብዙም አይሰማውም፤ ለእሱ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ነው።

ፍሌክስ ያልሆነ መኪና ውስጥ በስሕተት ቢሞላስ? መጠኑ ይወስናል። 12 ጋሎን የሚይዝ መኪና ውስጥ 75 በመቶ የሆነ 3 ጋሎን ኢ85 ገብቶ ቀሪው 9 ጋሎን ኢ10 ከሆነ፣ አጠቃላዩ 26 በመቶ ገደማ ኢታኖል ነው። ቼክ ኢንጂን መብራት ሊበራ ይችላል፤ በዝግታ እየነዱ ሩብ በተነካ ቁጥር በኢ10 መሙላት ያቃልለዋል። ባዶ ሰልባቲዮ ሙሉ ለሙሉ በኢ85 ከተሞላ ግን አታስነሡት፤ አስጎትታችሁ አስቀዱት። ኮምፒውተሩ የሚችለውን ያህል ነዳጅ ጨምሮም ስለማይበቃው ሞተሩ በነዳጅ እጥረት ይነዳል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ጭሱን የሚያጠራው ካታሊስት ይጎዳል።

በኢንተርኔት የሚሸጡት ማንኛውንም መኪና ፍሌክስ እናደርጋለን የሚሉ ትንንሽ ሳጥኖችስ? ኢንጀክተሩ ሶኬት ላይ ገብተው የመርጫ ጊዜውን ያረዝማሉ እንጂ ነዳጅ የሚነካውን ጎማም ፖምፓውንም አይቀይሩም። ፈረንሳይ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ተፈትነው የጸደቁትን በሕግ ፈቅዳለች፤ የሚገጥማቸውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የልቀት ማረጋገጫ የሌለው ሳጥን ሕገ ወጥ ማሻሻያ ነው፤ ዋስትናችሁንም ይዞ ይሄዳል። አይመከርም።

ካምሪ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጠገቡ ያለውን «አንሌድድ 88» ይመልከት። ያ ኢ15 ነው፤ ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ ቀላል መኪኖች ተፈቅዷል፣ የሚያጎድለው ርቀት ከኢ10 ጋር ሲነጻጸር 2 በመቶ ያህል ነው። 3.20 በሆነ ገበያ ከ6 ሳንቲም በላይ ከረከሰ ያዋጣል። ሞተር ሳይክል፣ ጀልባ፣ የሣር ማጨጃና የበረዶ መጥረጊያ ውስጥ ግን አይገባም።

ያገለገለ ቫን ገዝታችሁ ሻጩ «ፍሌክስ ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምር አትጨምሩለት፤ ምልክቱ ብቻውን ተጨማሪ ገንዘብ አያወጣም። ይልቅ ስካነር ይዛችሁ ሂዱና ሰልባቲዮው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ፣ ስካነሩ የሚያሳየውን የኢታኖል መቶኛ ከመልሱ ጋር አስተያዩ። ሻጩ ቤንዚን ብሎ ስካነሩ 60 ካለ፣ ወይ ሻጩ ወይ ሴንሰሩ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ገንዘብ አትቁጠሩ።