ጉልበት ለሚከዳችሁ ሁሉ፦ የእህቴን ፊዚዮቴራፒስት ልጠቁማችሁ

ታናሽ እህቴ ቮሊቦል ትጫወታለች። አንድ ቀን ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። የነካት ሰው የለም። "ጧ" ሲል ግን ሰምታዋለች። ማታውኑ አብጦ ሱሪዋ አልወልቅ አለ። ክሊኒክ ሄደች፣ ራጅ ተነሳች፣ "አጥንትሽ ደህና ነው" ተባለችና ማስታገሻ ይዛ ተመለሰች። እብጠቱ ጎደለ፣ ህመሙም ተዋት። ደረጃ ስትወርድ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ቤተዘመዱም ወጌሻ ጋ እንውሰዳት ማለት ጀመረ።

እዚህ አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ጋ የደረስነው በጓደኛ ጥቆማ ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ፣ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

መጀመሪያ የያዘችው ደህናውን እግር ነው። ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ጭኗን ይዛ፣ በሌላው ቅልጥሟን ወደ ፊት ሳብ አደረገችው። ትንሽ መጣና ቀጥ አለ። ከዚያ የተጎዳውን እንደዚያው ሳበችው። እሱ ዝም ብሎ ይመጣል፣ የሚይዘው የለም። ከጎን ቆሜ በዓይኔ አየሁት። "ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም" ብላ ኤምአርአይ እንድትነሳ ላከቻት። ውጤቱም ያለችው ሆነ፦ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል። የኳስ ተመልካቹ ኤሲኤል የሚላት ማለት ነው።

ይህችን ሴት የወደድኳት ግን ስታስረዳ ነው። የጭን አጥንት ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ የቅልጥሙ አናት ደግሞ ለጥ ያለ። እንቁላል ሰሃን ላይ እንደማስቀመጥ ነው አለችን። አጥንቶቹ ብቻቸውን እርስ በርስ አይያያዙም፤ በዋናነት አጥብቀው የያዟቸው አራት ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ መሃል ላይ ይጠላለፋሉ። የፊተኛው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ከልክ በላይ እንዳይዞር ያደርጋል፤ የኋለኛው ወደ ኋላ እንዳይሄድ። የቀሩት ሁለቱ ከውስጥና ከውጭ ጎን ሆነው ጉልበት ወደ ጎን እንዳይሰበር ይጠብቃሉ። የውስጥ ጎኑ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን ይድናል። የፊተኛው መስቀለኛ ግን ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ መልሶ መግጠሙ አስተማማኝ አይደለም። በመታሸትም አይገጥምም። እኔ ወጌሻ የምንቅ ሰው አይደለሁም፣ ይሄ ግን የእጅ ሥራ አይደለም።

ኦፕሬሽንም ቢሆን ለሁሉም የግድ እንዳልሆነ ነገረችን። መዝለልና መጠምዘዝ የሌለበት ኑሮ የሚኖር ሰው ጡንቻውን አጠንክሮ ብቻ ሊኖር ይችላል። እህቴ መዝለሉን አልተውም አለች። ስለዚህ ከራሷ ቋንጃ ጅማት ተወስዶ ተተካላት። ኦፕሬሽኑ የሐኪሙ ነው፣ እጁ ይባረክ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ መንገድ ግን የዚህች ፊዚዮቴራፒስት ነው።

አስቸጋሪው ወቅት ህመሙ የጠፋ ጊዜ ነበር። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመጠንከሩ በፊት ይደክማል። እህቴ "ምንም አያመኝም፣ ልጫወት" ስትል እሷ "ኧረ ተይ! ህመም መተው ሌላ፣ ጅማት መጠንከር ሌላ" ትላታለች። እናታችን ብትለምንላትም ወይ ፍንክች። ከ9 ወር በፊት ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ወሩ ቢሞላም በአንድ እግር አስዘልላ፣ የተጎዳው እግር ከደህናው 90 በመቶ ካልደረሰ አትለቅም። እስከዚያ የፊት ጭንን ታሠራለች። ቋንጃንም አትረሳም፣ ቅልጥምን ወደ ኋላ እየሳበ ጅማቱን ያግዛልና። ከሁሉ በላይ ግን ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ደጋግማ አስተማረቻት። ደምበኛን ደስ ለማሰኘት "እሺ" የማትል ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እህቴ አሁን ትዘላለች። እግዜር ይስጥልን፣ እጅሽ አይንጠፍ!

ዋጋዋ ርካሽ ነው አልልም። ግን የቤት ሥራ እየሰጠች ቀጠሮውን ታራርቃለች፣ ሰውን በከንቱ አታመላልስም። ሰዓትም ታከብራለች። ስትሄዱ ቁምጣ ያዙ፤ ኤምአርአይ ካላችሁ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ውሰዱ። በሥራ ሰዓት ስልክ አታነሳም፣ መልዕክት ጻፉላት፤ ማታ ትመልሳለች።